የእረኛው ዋሽንት ከአምበር እስከ ቡዳፔስት፦ መድረክ ያገኘ፣ ትምህርት ቤት ያጣ ኦርኬስትራ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ፣ ደጀንን አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወጣ መንገደኛ ከተማው ከመግባቱ በፊት አምበርን ያገኛታል። አምበር የአነደድ ወረዳ መቀመጫ ናት። አብዛኛው መንገደኛ በመኪና መስኮት አይቷት የሚያልፍ ትንሽ ከተማ ነች። ዙሪያዋ የጤፍ ማሳ ነው።

በዚህ ደጋ ሦስት ዓይነት ሙዚቃ ከጥንት ጀምሮ አለ። አንደኛው ከብት የሚጠብቀው ልጅ ዋሽንት ነው። ሁለተኛው ሠርግና ድግስ ሲኖር የሚመጣው የአዝማሪ ማሲንቆ ነው። ሦስተኛው በበዓል ቀን ከቤተ ክርስቲያን የሚሰማው ከበሮና ጸናጽል ነው። ሦስቱም በአንድ አገር፣ በአንድ ሕዝብ መካከል ኖረዋል። ግን ጎን ለጎን ተቀምጠው አብረው ተጫውተው አያውቁም። እረኛው ለራሱና ለከብቶቹ፣ አዝማሪው ለደጋሹ፣ ደብተራው ለፈጣሪው ነው የሚያዜመው።

እነዚህን የተለያዩ ድምፆች፣ ከሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ከመጡትም ጋር፣ በአንድ መድረክ አስቀምጦ ኦርኬስትራ ማድረግ ይቻላል ብለው የተነሱ ሰዎች ነበሩ። አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ። ሠርተውም አሳይተዋል። የሠሩት ለምን እንዳልጸና መጠየቅ ግን የሙዚቀኞች ጉዳይ ብቻ አይደለም። እዚህ አገር አንድ ነገር እንዴት ይጀመራል፣ እንዴትስ ይፈርሳል የሚለውን የሚያሳይ ታሪክ ነው።

*ቀኝ ጌታውና አርመናዊው*

ብዙ ሰው «ኦርኬስትራ» ሲባል ከውጭ የመጣ ነገር ብቻ ይመስለዋል። በማኅሌት የቆመ ሰው ግን እንዲህ አያስብም። መዘምራኑ በሁለት ወገን ተሰልፈው ፊት ለፊት ይቆማሉ። በቀኝ ቀኝ ጌታ፣ በግራ ግራ ጌታ አለ፤ መሪጌታው ይመራል። መቋሚያው ይነሳል፣ ይወርዳል፤ ጸናጽሉ ይከተላል፤ ከበሮው በዝግታ ጀምሮ ይፈጥናል። ግዕዝ፣ ዕዝልና ዓራራይ የትኛው መቼ እንደሚባል ሁሉም ያውቃል። ዱላ ይዞ ብዙ ሰውን በአንድ ምት የማስኬድ ጥበብ ለጎጃም ደጋ እንግዳ አይደለም።

የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር የተወለደውም ከዚህ ጥበብ ጋር ተያይዞ ነው። ራስ ተፈሪ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1924 ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ፣ በአርመን ገዳም የሚያድጉ ወላጅ አልባ ልጆች የነሐስ መሣሪያ ሲነፉ ሰሙ። ልጆቹ በኦቶማን ቱርክ ከደረሰው የአርመኖች እልቂት የተረፉ ነበሩ። ራስ ተፈሪ አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን የመዝሙሩን ዜማ ደረሱ። ግጥሙን የጻፉት ደግሞ የደብረ ኤልያሱ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። ማዕረጋቸው ራሱ ከማኅሌቱ የመጣ ነው። በጎጃም የቅኔ ትምህርት የተሳለ አእምሮ ከአንድ አርመናዊ የሰልፍ ዜማ ጋር ገጠመ፤ ስደተኛ ሕፃናት ነፉት። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓሉ ላይም ተሰማ። አገሪቱም እስከ አብዮቱ ድረስ በዚሁ መዝሙር ቆየች።

እንግዲህ «ቅይጥ ሙዚቃ ባህልን ያጠፋል» ለሚል ሰው የመጀመሪያው መልስ ይኸው ነው። ያ ትውልድ በሰንደቅ ዓላማው ፊት ቆሞ የዘመረው ራሱ ቅይጥ ነበር።

*ቲያትር ቤቱ ያደረገው፣ ያላደረገውም*

በ1948 ዓ.ም. የንግሥናው የሃያ አምስተኛ ዓመት በዓል ሲከበር የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር ተከፈተ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንድያን በዚህ ቤት ለዓመታት ሠርተዋል። የኢትዮጵያን ዜማ ለቫዮሊን፣ ለክላርኔትና ለመለከት እያስማሙ ጻፉ፤ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ የሙዚቃ ሰዎችንም አሠለጠኑ። ትዝታና ባቲ ወደ ኖታ ገቡ።

አንድ ነገር ግን ቀረ። ዜማው መድረክ ሲወጣ መሣሪያው ደጅ ቀረ። ማሲንቆ የሚይዘው ሰው ከቫዮሊን ተጫዋቹ ጎን ወንበር አልተሰጠውም። የአገሩን ድምፅ በሰው አገር መሣሪያ መስማት ዘመናዊነት፣ በራስ መሣሪያ መስማት ደግሞ ኋላ ቀርነት ይመስል ነበር። ይህን አስተሳሰብ የሰበሩት በስልሳዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመጡ ሁለት ወጣቶች ናቸው።

*እረኛው በሃንጋሪ*

የመጀመሪያው አሸናፊ ከበደ ናቸው። አዲስ አበባ ተወልደው፣ በአሜሪካ በኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው ተመለሱ። የቅዱስ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትንም በመሥራችነትና በዳይሬክተርነት መሩ። ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1967 የሃንጋሪን መንግሥታዊ ኦርኬስትራ ቆመው ሲመሩ፣ የመሩት የራሳቸውን ድርሰት ነበር። ከድርሰቶቹ የአንደኛው ርዕስ ስለ ዋሽንት ነፊው እረኛ ነው።

ይህን ለአፍታ ማሰብ ይገባል። ባርቶክና ኮዳይ የገበሬውን ዘፈን መንደር ለመንደር እየዞሩ ቀድተው የዘመናዊ ሙዚቃቸው መሠረት ባደረጉባት አገር፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት የራሱን አገር እረኛ ይዞ ቀረበ። በአምበር ሜዳ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው የሸምበቆ ድምፅ ለአንድ ትልቅ ኦርኬስትራ ርዕስ ሆነ። አሸናፊ በሌላ ድርሰታቸው የጃፓኑን ኮቶ ከዋሽንት መሰሉ ፍሉት፣ ከክላርኔትና ከቫዮሊን ጋር አገናኝተዋል። ድንበር የማያግደው ጆሮ ነበራቸው።

*ያልተዋወቁ ዘመዶች*

ሁለተኛው መንገድ ከዚህ የደፈረ ነበር። በካይሮ የተወለዱት አቀናባሪ ሐሊም ኤል ዳብ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 «ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ»ን አቋቋሙ። ኤል ዳብ በ1944 ድምፅን በሽቦ መቅጃ ቀድተው፣ ቅርጹን እየለወጡ ሙዚቃ በመሥራት በዓለም ከቀደሙት አንዱ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ኢትዮጵያ ሲመጣ የቀረበለትን ቫዮሊን ትቶ ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ በገና፣ እምቢልታ፣ መለከትና ከበሮ የሚጫወቱ ሰዎችን ሰበሰበ። ከተለያየ ብሔረሰብ የመጡ እስከ ሠላሳ የሚደርሱ ተጫዋቾችና ተወዛዋዦች በአንድ ቡድን ሆኑ። የተለያየ ሕዝብ መሣሪያዎች በዚህ መልክ በአንድ ኦርኬስትራ ሲሰለፉ የመጀመሪያው ነበር።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ክራር ጅማቱን ጠበቅ ላላ አድርጎ ከዘፋኙ ድምፅ ጋር ይስማማል። ማሲንቆም በአንድ ጭራው የትም ይደርሳል። ዋሽንት ግን ቀዳዳው አንዴ ከተበሳ አይቃኝም፤ ስለዚህ ነፊው ርዝመታቸው የተለያየ በርካታ ዋሽንቶች መያዝ አለበት። እምቢልታ ደግሞ ብቻውን ዜማ አይሆንም። እያንዳንዱ ነፊ የያዛት ድምፅ ጥቂት ናት፤ ሦስቱ ሲቀባበሉ ነው ዜማው የሚወጣው። በገናም አሥር አውታር ይዞ ጸሎትን የለመደ፣ ለጭብጨባ ያልተፈጠረ መሣሪያ ነው። እነዚህን አንድ ቅኝት ላይ ማገናኘት ማለት ለየብቻ መምራት የለመዱ ሰዎች ተራ መጠበቅን እንዲማሩ ማድረግ ነው። ብቻውን ለሰዓታት ሲጫወት የኖረ አዝማሪ ለዋሽንቱ ቦታ ለመስጠት ዝም ማለት አለበት። ከቅኝቱ ይልቅ የሚከብደው ይኸኛው ነው።

ኤል ዳብ በ1964 ወደ አሜሪካ ሲመለሱ ቡድኑን ጆን ኮ የተባሉ የሰላም ጓድ አባል ለጥቂት ጊዜ መሩት። ከዚያ በ1966 ኃላፊነቱ በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜ ላይ ለነበሩት ለተስፋዬ ለማ ተላለፈ። ተስፋዬ ዜማ ይደርሳሉ፣ መሣሪያ ይጫወታሉ፣ ቡድኑን ያቀናብራሉ። በእሳቸው ጊዜ ኦርኬስትራው በቴሌቪዥን ይታይ ጀመር፤ መድረክም አላጣም። ማሲንቆ የተማረው ሌላው የሰላም ጓድ አባል ቻርለስ ሳተን አብሯቸው ሠራ። በ1969 ቡድኑ አሜሪካን ዞረ። ለጉዞው የተሰጠው ስም ከዓባይ የተወሰደ ነበር፤ ጎጃምን እንደ መቀነት ከሚዞረው ወንዝ።

ይህ ሁሉ ሆኖ በ1975፣ አብዮቱ በፈነዳ ማግስት፣ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ፈረሰ። ዕድሜው አሥራ ሁለት ዓመት ብቻ ነበር። ተስፋዬ ለማ ኋላ ወደ አሜሪካ ሄደው በስደት እያሉ የኢትዮጵያን ሙዚቃ ለማቆየት ሲደክሙ ኖሩ፤ በ2013ም አረፉ። አሸናፊ ከበደም ቀደም ብለው ወደ አሜሪካ ተመልሰው በዩኒቨርሲቲ መምህርነት ኖረው በ1998 አረፉ። አገሩ ሁለቱንም አጣ።

*የፈረሰውና ያልፈረሰው*

ለመፍረሱ አብዮቱን ብቻ መውቀስ ይቀላል። እውነትም አብዮቱ ብዙ ነገር አፍርሷል። ግን ደርግ ሙዚቃን አልጠላም። እንዲያውም በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን አቋቁሟል፤ ጎጃም «ግሽ ዓባይ»ን ያገኘው በዚያ ዘመን ነው። ከገጠር የመጡ ማሲንቆና ዋሽንት ተጫዋቾች ደመወዝና መድረክ አገኙ። መንግሥት ሲለወጥ ግን ብዙዎቹ ቡድኖች ተበተኑ። ንጉሡ ሲወርዱ አንዱ፣ ደርግ ሲወድቅ ሌላው። ስለዚህ ችግሩ ከአንድ ሥርዓት ይሰፋል።

እነዚህን ቡድኖች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። መድረክ ነበራቸው፤ ትምህርት ቤት አልነበራቸውም። በአንድ ብርቱ ሰውና በአንድ ደጋፊ ትከሻ ላይ ቆመው ነበር። ሰውየው ሲሰደድ ወይም በጀቱ ሲቆም፣ የማሲንቆን ክፍል የሚያስተምር፣ የዋሽንትን ልክ የሚያውቅ፣ ያንን የ«ተራ መጠበቅ» ጥበብ ለታናሹ የሚያቀብል ሰው አልተተካም።

በአንጻሩ ያልፈረሰውን እንይ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራቹ ከሄዱ በኋላ፣ ሁለት መንግሥት ተቀይሮም፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር አለ። ተማሪ ስላለው ነው። በጎጃም ዋሸራ፣ ጎንጅና ዲማ በቅኔ የታወቁ ናቸው። እነዚህ ጉባኤዎች የቤተ መንግሥት በጀት እየጠበቁ አልኖሩም። የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ ከመንደር መንደር ይለምናል፤ ገበሬው ከሞሰቡ ቆርሶ ይሰጠዋል፤ ተማሪው አድጎ መምህር ይሆንና ሌላ ጉባኤ ይተክላል። መምህሩ ቢሞት ወንበሩ አይሞትም። ጉባኤውን ያኖረው የገንዘብ ብዛት ሳይሆን ተተኪ የማፍራት ልማድ ነው።

ይህ ማለት ሁሉም ሙዚቀኛ ቆሎ ይለምን ማለት አይደለም፤ ችግርን ማሞገስም አይገባም። ነገሩ ሌላ ነው። ማኅሌቱ የሚመካው በመሪጌታው ችሎታ ብቻ አይደለም፤ ከኋላው የቆሙት ልጆች ነገ መሪጌታ መሆን እንዲችሉ ተደርገው መማራቸው ነው። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ይህን የመሰለ ወንበር ቢኖረው ኖሮ የተስፋዬ ለማ ስደት የአንድ ሰው ሐዘን እንጂ የአንድ ኦርኬስትራ ሞት ባልሆነ ነበር።

*ከበዓል ማግስት*

ዛሬም አንድ ወጣት መሪ ክራርን ከቫዮሊን፣ ማሲንቆን ከፒያኖ አዋሕዶ ሲያቀርብ አዳራሹ ይሞላል፣ ጭብጨባው ይቀልጣል፣ ቪዲዮው በየስልኩ ይዞራል። ደስ ይላል፤ ደስም ሊል ይገባል። ግን ይህ ታሪክ የሚያስተምረው ከጭብጨባው ማግስት ያለውን ጥያቄ መጠየቅ ነው። ይህን ወጣት ማን ያስተማረው ነው? እሱስ ማንን እያስተማረ ነው? ነገ ዕድል አግኝቶ ባሕር ቢሻገር ዱላውን የሚያነሳ አለ?

ጥያቄው ለአምበርም ይደርሳል። የእረኛው ዋሽንት ከሃምሳ ዓመት በፊት በርዕስ ደረጃ ቡዳፔስት ደርሷል። እረኛው ራሱ ግን ዋሽንቱን ይዞ የሚማርበት ክፍል በወረዳው አላገኘም። ሽማግሌ ዋሽንት ሠሪ ሲሞት ሸምበቆውን በየትኛው ርዝመት እንደሚቆርጥ፣ ቀዳዳውን በየት እንደሚበሳ የሚያውቀው እጅ አብሮ ይቀበራል። በደብረ ማርቆስ አካባቢ አንድ የማሲንቆ መምህርና አንድ ዋሽንት ነፊ በትምህርት ቤት ውስጥ ወንበር ቢሰጣቸው፣ ለአንድ ምሽት ዝግጅት ከሚወጣው ወጪ የበለጠ አይጠይቅም፤ ፍሬው ግን ከአንድ ምሽት ያልፋል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። የኢትዮጵያ ኦርኬስትራ ታሪክ ድሩ ማበር እንደሚችል ደጋግሞ አሳይቷል፤ ክራሩም ዋሽንቱም እምቢልታውም ተስማምተዋል። የጎደለው ድሩን የሚፈትል ተተኪ እጅ ነው። መፍተል ደግሞ በበዓል ቀን አይሠራም፤ የአዘቦት ቀን ሥራ ነው።