የቤንዚን ዋጋና የካቲት 1966፦ ጭማሪውን ማን ይሸከም?



በ1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ በመላው ዓለም ንሯል። በአዲስ አበባ ጭማሪው የመንግሥት ቀውስ ወደ መሆን የተሻገረው ስለ ምንድን ነው?

መስከረም 26 ቀን የዐረቦችና የእስራኤል ጦርነት ፈነዳ። የዐረብ ነዳጅ አምራቾች ማዕቀብ ጣሉ፤ የአንድ በርሜል ድፍድፍ ይፋዊ ዋጋም እስከ ጥር ድረስ ከ3 ዶላር ገደማ ወደ 11.65 ዶላር ወጣ። ኢትዮጵያ በአሰብ ማጣሪያ ነበራት፤ ድፍድፉ ግን ከውጭ የሚገዛ በመሆኑ ማጣሪያው ከዋጋው አላዳናትም። በየካቲት መጀመሪያ መንግሥት የቤንዚንን ዋጋ 50 በመቶ ጨመረ።

የታክሲ ታሪፍ ግን በመንግሥት የሚወሰን ነበር። ከልደታ ወደ መርካቶ የሚመላለስ አንድ ሾፌር እናስብ። ቤንዚኑን በአዲሱ ዋጋ ይቀዳል፤ ተሳፋሪውን በቀድሞው ታሪፍ ያደርሳል። መኪናው የሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ ለባለቤቱ የሚያስገባው ገንዘብ አይቀነስለትም። የዓለም ገበያ ያመጣው ሸክም በአንድ ሰው የዕለት እንጀራ ላይ አረፈ።

የካቲት 11 ቀን ታክሲዎች ቆሙ። በዚያው ቀን መምህራን «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ዕቅድ በመቃወም ሥራ አቆሙ፤ ተማሪዎችም ዐደባባይ ወጡ። የሁለቱ ወገኖች ጥያቄ የተለያየ ቢሆንም ከተማዪቱ የቆመችው በአንድ ላይ ነው። የካቲት 16 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ የቤንዚኑን ዋጋ በከፊል አስቀነሱ፤ የትምህርት ዕቅዱንም አዘገዩ። እርምጃው እንዲያረጋጋ የታሰበ ቢሆንም፣ መንግሥት ሲገፉት እንደሚያፈገፍግ አሳየ። በአሥመራ የነበረው ጦር ሲያምፅ፣ ሳምንት ሳይሞላ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ።

ዙፋኑን ቤንዚን ብቻውን አልጣለውም። የመሬት ጥያቄ፣ የወሎ ረኃብና የወታደሩ ብሶት ቀድመው የተከማቹ ነበሩ። ሆኖም የታክሲው አድማ ብሶቱን ከገጠርና ከጦር ሰፈር ወደ ዋና ከተማው የዕለት ኑሮ አመጣው።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ መነሣት ሲጀምር፣ ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ድጎማው ለጊዜው እንዲቀጥል ተደርጎ ነበር። ይህ አሠራር የ1966ቱን ጥያቄ በቅድሚያ ለመመለስ የሞከረ ነበር። ማንኛውም የዋጋ ውሳኔ ከመጽደቁ በፊት ልንጠይቀው የሚገባን ይህንኑ ነው፦ ጭማሪው በማን ትከሻ ላይ ያርፋል? ያ ሰውስ ለሌላ የሚያካፍልበት መንገድ አለውን?