የኪራይ ቤቶች መድን በአሜሪካ

የኪራይ ቤት መድን (ኢንሹራንስ) ቤቱን የሚያከራይ ባለቤት በሕንፃው ላይ ከሚደርስ ጉዳት፣ ከሚቋረጥ የኪራይ ገቢና ከሕግ ተጠያቂነት ራሱን ለመጠበቅ የሚገባው ውል ነው። በዩናይትድ ስቴትስ ይህ ውል ባለቤቱ ራሱ ለሚኖርበት ቤት ከሚገባው መድን የተለየ ነው። ባለቤቱ ከቤቱ ወጥቶ ሲያከራይ የቀድሞውን ውል ካልቀየረ፣ አደጋ በደረሰ ጊዜ መድን ሰጪው ካሣ አልከፍልም ሊል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1945 በወጣው የማካራን-ፈርጉሰን ሕግ መሠረት የመድን ሥራን በዋናነት የሚቆጣጠሩት ስቴቶቹ ናቸው፤ በመሆኑም ዝርዝሩ ከስቴት ስቴት ይለያያል።

የሕንፃው መጠንና የውሉ ዓይነት

የውሉ ዓይነት በአብዛኛው የሚወሰነው በሕንፃው ውስጥ ባሉት መኖሪያዎች ብዛት ነው። ከ1 እስከ 4 መኖሪያ ላለው ሕንፃ ብዙውን ጊዜ «ዲፒ» የሚባሉት መደበኛ ውሎች ያገለግላሉ፦

• ዲፒ-1፦ በስም የተዘረዘሩ ጥቂት አደጋዎችን ይሸፍናል። መሠረታዊዎቹ እሳት፣ መብረቅና በሕንፃው ውስጥ የሚደርስ ፍንዳታ ናቸው። ካሣው የእርጅና ቅናሽ ተደርጎበት ይከፈላል።
• ዲፒ-2፦ ዝርዝሩ ሰፋ ያለ ነው። ለምሳሌ የበረዶ ክብደትና ከቧንቧ በድንገት የሚፈስ ውሃ የሚያደርሱትን ጉዳት ይጨምራል።
• ዲፒ-3፦ በውሉ በግልጽ ካልተከለከለ በቀር በሕንፃው ላይ የሚደርስን ማንኛውንም ድንገተኛ ጉዳት ይሸፍናል።

5 እና ከዚያ በላይ መኖሪያ ያለው አፓርታማ እንደ ንግድ ንብረት ስለሚታይ የንግድ ንብረት መድን ይገባለታል።

የሚሸፍነውና የማይሸፍነው

ውሉ ከሕንፃው ጥገና በተጨማሪ፣ ቤቱ በተሸፈነ አደጋ ምክንያት መኖሪያ መሆን ካልቻለ ለጥገና በሚያስፈልገው ጊዜ የሚቀረውን ኪራይ ይተካል። ተከራዩ ኪራይ ሳይከፍል ቢቀር ግን ይህ ሽፋን አይሠራም። አንድ ሰው በተሰበረ ደረጃ ወድቆ ባለቤቱን ቢከስ ካሣና የጠበቃ ወጪ የሚሸፍነው የኃላፊነት መድን ነው፤ በዲፒ ውሎች ይህ ተለይቶ ካልተጨመረ አይገኝም።

የተከራዩ ዕቃ በአከራዩ መድን አይሸፈንም። ሕንፃው ቢቃጠል ባለቤቱ ካሣ ሲያገኝ፣ የራሱን የተከራይ መድን ያልገባ ነዋሪ ለአልጋውም ለልብሱም የሚከፍለው መድን የለም።

ጎርፍና የመሬት መንቀጥቀጥም ከመደበኛው ውል ውጭ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1968 የተመሠረተው ብሔራዊ የጎርፍ መድን ፕሮግራም ከ1 እስከ 4 መኖሪያ ላለው ሕንፃ እስከ 250,000 ዶላር፣ 5 እና ከዚያ በላይ ላለው እስከ 500,000 ዶላር ይሸፍናል። ሽፋኑ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከተገዛ ከ30 ቀን በኋላ ስለሆነ ደመና ሲጠቁር መግዛት አይጠቅምም።

የካሣ አሰላል

አረቦን ለመቀነስ ሲባል ሕንፃውን ከዋጋው በታች ማስገመት ካሣውን ይቀንሳል። ብዙ የንግድ ንብረት ውሎች ባለቤቱ ቢያንስ የዋጋውን 80 በመቶ መድን እንዲገባ ይጠይቃሉ። ለምሳሌ፦

• የሕንፃው ዋጋ፦ 1,000,000 ዶላር
• መገባት የነበረበት መድን፦ 800,000 ዶላር
• የተገባው መድን፦ 400,000 ዶላር
• በእሳት የደረሰ ጉዳት፦ 100,000 ዶላር

የተገባው መድን ከሚፈለገው ግማሽ ስለሆነ የሚከፈለው የጉዳቱ ግማሽ፣ 50,000 ዶላር ነው። ከዚህም ላይ ባለቤቱ በውሉ መሠረት ራሱ የሚሸከመው ድርሻ ይቀነሳል። ጉዳቱ ከመድኑ መጠን በጣም ያነሰ ቢሆንም ስሌቱ አይለወጥም።

ባዶ ሕንፃ

በመደበኛው የንግድ ንብረት ውል፣ ከጠቅላላ ስፋቱ የተከራየው ወይም በሥራ ላይ የዋለው ከ31 በመቶ በታች የሆነ ሕንፃ ባዶ ይባላል። በተከታታይ ከ60 ቀን በላይ ባዶ ከሆነ ለስርቆት፣ ሆን ተብሎ ለሚደረግ ማበላሸትና ለውሃ ጉዳት ካሣ አይከፈልም፤ እንደ እሳት ላሉ ሌሎች የተሸፈኑ ጉዳቶች ደግሞ ካሣው በ15 በመቶ ይቀንሳል።

መድን ለማይገኝባቸው ሰፈሮች

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ከተነሣው ሁከት በኋላ መድን ሰጪዎች የመሐል ከተማ ሰፈሮችን ሸሹ። በ1968 የወጣ የፌዴራል ሕግ ስቴቶች «ፌር ፕላን» የተባለ አሠራር እንዲያቋቁሙ አበረታታ። ይህም በመደበኛው ገበያ መድን ላጡ ባለቤቶች የመጨረሻ አማራጭ ነው። ዛሬ በካሊፎርኒያ የሰደድ እሳት በሚያሰጋቸው አካባቢዎችም ያገለግላል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ሕንፃዎች የእሳትና የመብረቅ መድን ይገባላቸዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የንብረት መድን ውል የካሣ ውል መሆኑንና ካሣው ንብረቱ አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ ሊበልጥ እንደማይችል ይደነግጋል። መድን ሰጪዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው።