ቁልፉ በማን እጅ ነው? ከድሬዳዋ ባቡር እስከ ነጻ የፎቶ ማስተካከያ

በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሌሊት ላይ፣ ደቻቱ ሞልቶ ድሬዳዋን በተኛችበት ደረሰባት። ጎርፉ ከ200 በላይ ሰው ገደለ፣ ሺዎችን ያለ ቤት አስቀረ። በእንዲህ ያለ ሌሊት ሰው ልጆቹን ይዞ ይሮጣል እንጂ አልበም የሚያነሣ የለም። ቤት ሲፈርስ የአባት የባቡር ሥራ ፎቶ፣ የእናት የሰርግ ምስል፣ የልጆች ጉርድ ፎቶ አብሮ ይሄዳል። ዘመድ ቤት የተረፈች፣ ጠርዟ የተቀደደ አንዲት ፎቶ ካለች እሷ የቤተሰቡ መዝገብ ናት።

ዛሬ እንዲህ ያለች ፎቶ በእጁ የገባች ወጣት በስልኩ አንስቶ ሊያድሳት ይሞክራል። መጀመሪያ የሚጠይቀውም “በነጻ የሚገኝ፣ ለጀማሪ የማይከብድ ፕሮግራም የቱ ነው?” ብሎ ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ የድሬዳዋ የራሷ ታሪክ ያስተምራል።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። አጼ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከተማዋም በዙሪያው በቀለች። ከዚያ በኋላ ግን ሥራው ለዓመታት ቆመ። ገንዘቡ የውጭ ነበር፣ የአውሮፓ መንግሥታትም በመስመሩ ላይ ይሻኮቱ ነበር። ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ተተካ፣ ባቡሩም አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። መሬቱ የኢትዮጵያ ቢሆንም የመንገዱ ቁልፍ ሌላ እጅ ላይ ነበር።

የፎቶም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከድሬዳዋ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ሐረር፣ ነጋዴ ሆኖ የኖረው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1875 ዓ.ም. ካሜራ ከአገሩ አስመጥቶ ፎቶ አንስቷል። ለቤተሰቡ በላከው ደብዳቤ ላይ ፎቶዎቹ የነጡት ባጠበባቸው መጥፎ ውኃ ምክንያት መሆኑን አስረድቷል። የዚያን ጊዜ ፎቶን ማስተካከል ኬሚካልና ንጹሕ ውኃ ይፈልግ ነበር። በኋላም በፎቶ ቤት ዘመን ባለሙያው በቀጭን እርሳስ ኔጌቲቭ ላይ ጠባሳ ይደፍናል፣ በብሩሽ ከንፈርና ቀሚስ ያቀልማል። ጥበቡ በጨለማ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ደንበኛው የሚያውቀው ውጤቱን ብቻ ነው።

ይህን ጥበብ ወደ ኮምፒውተር ካመጡት ፕሮግራሞች ሁሉ ስሙ የገነነው ፎቶሾፕ ነው። ቶማስና ጆን ኖል የተባሉ ወንድማማቾች የጀመሩትን ሥራ አዶቢ እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ አቀረበው። በእኛ አገር ብዙዎች የተማሩት ግን በሲዲና በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዞረው “ክራክ” ነው። ያን ትውልድ መውቀስ ቀላል አይደለም፤ ዋጋው በውጭ ምንዛሪ ነበርና። ሆኖም ክራክ ቫይረስ ተሸክሞ ሊመጣ ይችላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ የኮምፒውተር ፕሮግራምንም ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አዶቢ አዳዲሶቹን ፎቶሾፖች በኪራይ ብቻ ማቅረብ ጀመረ። በ2019 ደግሞ በአሜሪካ ማዕቀብ የተነሣ የቬንዙዌላ ደንበኞቹን አካውንት እንደሚዘጋ አስታወቀ። በኋላ ፈቃድ አግኝቶ ውሳኔውን ቢሽረውም፣ ገንዘብ የከፈለ ሰው እንኳ በማይቆጣጠረው ፖለቲካ ከሥራ መሣሪያው ሊለይ እንደሚችል ታይቷል።

“በነጻ” የሚሰጥም ቢሆን ዋስትና የለውም። ጉግል ያለ ክፍያ ያደለው ፒካሳ ቀላልና ተወዳጅ ነበር፤ ባለቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራውን አቆመው። እዚህ ላይ አማርኛችን ራሱ ይረዳናል፦ “በነጻ” ማለት አንድ ነገር ነው፣ “ነጻ” ማለት ሌላ ነው። የመጀመሪያው ኪስን ይመለከታል፤ ሁለተኛው ቁልፉን።

ሁለቱንም የሚያሟላው ጂምፕ ነው። የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩት ስፔንሰር ኪምቦልና ፒተር ማቲስ ጀመሩት፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ለሕዝብ ወጣ። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ጀማሪዎቹ ትተውት ሲሄዱ ሌሎች ተረከቡት። ሦስተኛው ትውልዱ በ2025 ወጥቷል። በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል፣ አንዴ ከተጫነ ኔትወርክ አይጠይቅም፣ በዩኒኮድ የተጻፈ የግዕዝ ፊደልም ይቀበላል። የጎደለው አንድ ነገር ገርነት ነው፤ ለጀማሪ የመሣሪያዎቹ ብዛት ያስደነግጣል።

ስለዚህ ጀማሪው በደረጃ ቢሄድ ይሻለዋል። ስልክ ብቻ ላለው ስናፕሲድ ይበቃዋል፤ ብርሃን ያስተካክላል፣ ትንንሽ ጭረት ይደፍናል፣ ፎቶው ላይ የራሱን ምልክት አያትምም። የጉግል ንብረት መሆኑን ግን አይርሳ፤ የፒካሳም ባለቤት እሱ ነበር። ደከም ያለ የዊንዶውስ ኮምፒውተር ላለው ፔይንት ዶት ኔት ቀላል ነው። የፎቶሾፕ ፋይል የመጣለት ሰው በብሮውዘር የሚሠራውን ፎቶፒያን ይክፈት፤ ማስታወቂያ ቢኖረውም፣ ለመክፈትም ኢንተርኔት ቢፈልግም ያነብለታል። እጁ ሲፍታታ ወደ ጂምፕ ይሻገር።

የትኛውንም ቢመርጥ ሦስት ነገር አይለወጥም። አንደኛ፣ ዋናው ፎቶ አይነካም፤ ሥራው ሁሉ በቅጂ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ጄፔግ በተከፈተና በድጋሚ በተቀመጠ ቁጥር ጥራቱ ይቀንሳል፤ ሥራው እስኪያልቅ በፕሮግራሙ የራሱ ፋይል ይቀመጥ፣ ጄፔጉ መጨረሻ ላይ ይውጣ። ሦስተኛ፣ ቅጂው ከአንድ ቤት በላይ ይኑር። ደቻቱ ያስተማረው ይህንኑ ነው።

ድሬዳዋ ሐዲዱ በሌሎች ውሳኔ ሲቆም ዓመታት ጠብቃለች። የአያት ፎቶ ግን ያን ያህል አይጠብቅም፤ ወረቀቱ በየቀኑ ይነጣል። “ስንት ነው?” ብሎ የጠየቀ “ነገ ማን ሊዘጋብኝ ይችላል?” ብሎም ይጠይቅ።