የማስጠንቀቂያ ወርና ያልተወሰደ ፈቃድ

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለ ተቋም ሲሆን፣ ሠፈሩ ከጥንስሱ የደመወዝተኛ ሠፈር እንደ ነበር ስሙ ራሱ ይመሰክራል። ነባር ቤቶቹ በቅርቡ ቢፈርሱም፣ ከዚያ እስከ ወሎ ሰፈር ባሉት መሥሪያ ቤቶች ሥራ የሚለቅ ሰው መልቀቂያውን ሲያስገባ የቀረው የዓመት ፈቃድ ከማስጠንቀቂያው ወር ጋር ይታሰብለት እንደ ሆነ መጠየቁ የተለመደ ነው።

ማስጠንቀቂያ፣ ማለትም ውሉ የሚያበቃበትን ቀን አስቀድሞ ማሳወቅ፣ እንዲሁም የዓመት ፈቃድ፣ ማለትም ደመወዝ ሳይቋረጥ የሚወሰድ ዕረፍት፣ ሁለቱም በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሥራ ውል ክፍል ውስጥ ሰፍረዋል። አዋጅ ቁጥር 210/1956 የሠራተኛ ማኅበራትንና የኅብረት ስምምነትን ሕጋዊ መሠረት ሰጠ፤ የደርግ አዋጅ ቁጥር 64/1968 ተከተለው፤ በአዋጅ ቁጥር 42/1985 ደግሞ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሊለቅ እንደሚችል ተደነገገ።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውሉ ጸንቶ ሳለ ፈቃድ በገንዘብ እንዳይለወጥ በመርህ ደረጃ ይከለክላል፤ ዕረፍት የሠራተኛው አካል የሚጠገንበት እንጂ የሚሸጥ ዕቃ አይደለምና፤ ውሉ ሲቋረጥ ግን ያልተወሰደው ፈቃድ ተሰልቶ እንዲከፈል ያዛል። የማስጠንቀቂያው ወር በእነዚህ ሁለት ድንጋጌዎች መካከል የሚውል ሲሆን፣ ውሉ ገና ስላልሞተ ፈቃዱም ገና ፈቃድ ነው። ሆኖም ፈቃድ የሚወጣበትን ጊዜ በፕሮግራም የሚወስነው፣ የሠራተኛውን ፍላጎት በተቻለ መጠን እያገናዘበ፣ አሠሪው በመሆኑ፣ ሠራተኛው ወሩን በገዛ ሥልጣኑ በፈቃድ ሊሸፍነው አይችልም፤ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ የሄደ ሠራተኛም፣ ሕጉ ያለ ማስጠንቀቂያ እንዲለቅ ከሚፈቅድባቸው ምክንያቶች ውጭ ከሆነ፣ ከ30 ቀን ደመወዝ የማይበልጥ ካሣ ሊጠየቅ ይችላል። ወሩ የታሰበው ለሥራ ርክክብና ተተኪ ለመፈለግ ስለ ሆነ ይህ ገደብ ምክንያት አለው፤ የሚያሳዝነው ግን ለዓመታት ፈቃዱ ሲተላለፍበት የኖረ ሠራተኛ በመጨረሻ ገንዘቡን እንጂ ዕረፍቱን አለማግኘቱ ነው።

የቀኖቹም ብዛት ተለውጧል። አዋጅ ቁጥር 377/1996 ለመጀመሪያው ዓመት 14 የሥራ ቀናት ሰጥቶ በየተጨማሪው ዓመት አንድ ቀን ይጨምር ነበር፤ አዲሱ አዋጅ መነሻውን ወደ 16 አሳድጎ ጭማሪውን በየሁለት ዓመቱ አደረገው። ስለዚህ አዲስ ገቢ ሲጠቀም፣ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ 10 ዓመት የጨመረ ሠራተኛ በቀድሞው ስሌት 24 ቀን ያገኝ የነበረው በአዲሱ 21 ይሆናል፤ ሲለቅ የሚከፈለውም በዚያው ልክ ያንሳል።