ከጭነቱ የከበደ ጥርጣሬ፦ የደም ምርመራ ታሪክ በጅቡቲ መንገድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሞጆ፣ በአዋሽ፣ በገዋኔና በሚሌ አልፎ በጋላፊ ኬላ ወደ ጅቡቲ የሚዘልቀው መንገድ ርዝመቱ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በግንቦት 1998 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲፈነዳ የአሰብ በር ተዘጋ፤ የኢትዮጵያ የወጪና የገቢ ንግድም ከሞላ ጎደል በጅቡቲ ላይ ወደቀ። በ2004 የጅቡቲ ነፃ የንግድ ቀጠና ሥራ ሲጀምር መጋዘኑ በዛ፤ ተሳቢውም በዛ። ስለዚህ መንገድ የተጻፈው አብዛኛው ታሪክ የኮንቴይነርና የቶን ታሪክ ነው። በየትኛውም ዲክላራሲዮን ላይ ያልሰፈረ፣ ሾፌሩና ረዳቱ በልባቸው ይዘውት የሚመለሱት ሌላ ጭነት ግን ነበር፤ እርሱም «ይዞኝ ይሆን?» የሚለው ጥርጣሬ ነው።

ጥርጣሬው የሚፀነሰው ተሳቢው ሲሮጥ ሳይሆን ሲቆም ነው። ሰነድ እስኪያልቅ፣ ተራ እስኪደርስ፣ ጭነት እስኪነሣ ሾፌሩ ቀናት ይጠብቃል። ከጅቡቲ ከተማ መሐል 12 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘውና በፈረንሳይኛ ቁጥሩ «ፔካ ዱዝ» እየተባለ የሚጠራው የከባድ መኪና ማቆሚያ ሰፈር የዚህ ጥበቃ ዋና ሥፍራ ሆነ። እዚያ ሙቀት አለ፣ ጫት አለ፣ ቢራ አለ፤ ከቤት ርቆ የማደር ብቸኝነትም አለ። በሰፈሩ በወሲብ ንግድ ከሚተዳደሩት ሴቶች ብዙዎቹ ከኢትዮጵያ የተሻገሩ ነበሩ። ሾፌሩ ስለ ራሱ ሲሰጋ፣ የመኖሪያ ወረቀት የሌላት ሴት ደግሞ በሽታውንም ፖሊሱንም ትሰጋ ነበር። የዚህ ታሪክ ግማሽ የእርሷ ነው።

ቫይረሱ መንገዱን የያዘው ከጦርነቱ አስቀድሞ ነው። በኢትዮጵያ በ1984 በተወሰደ የደም ናሙና ውስጥ መኖሩ የታወቀ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት በ1986 ነበር፤ ጅቡቲም የመጀመሪያውን ሕመምተኛ የመዘገበችው በዚያው ዓመት ነው። በ1988 በኢትዮጵያ ዋና ዋና የንግድ መንገዶች ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ በወሲብ ንግድ ከሚተዳደሩ ሴቶች 17 በመቶ፣ ከረጅም ርቀት ሾፌሮች 13 በመቶ ያህሉ ቫይረሱ በደማቸው ተገኘ። እነዚህ ቁጥሮች ለጤና ባለሥልጣናት ብዙ ተናገሩ፤ በመሪው ላይ ለተቀመጠው ሰው ግን ስለ ራሱ የነገሩት አልነበረም። የዚያን ዘመን ምርመራ በአብዛኛው ስርጭትን ለመለካት እንጂ ግለሰብን ለማሳወቅ አልተዘረጋም ነበርና።

ውጤቱን የማያውቅ ሰው ገላውን ማንበብ ይጀምራል። ብብቱን ይዳስሳል፣ ንፍፊት ይፈልጋል፣ ቀበቶው ስንት ቀዳዳ እንደጠበበ ይቆጥራል። በጎኑ ላይ አልማዝ ባለጭራ የወጣበትማ ፍርዱን የተቀበለ ያህል ይቆጥረው ነበር። ይህ ንባብ በየትም ቢሆን አሳሳች ነው፤ በዚህ መንገድ ላይ ግን ይበልጥ ያሳስታል። የአዋሽ ሸለቆ የወባ አገር ነው፤ ትኩሳቱ ከዚያ ሊመጣ ይችላል። በጅቡቲ በጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ የሌሊት ላብ የሁሉም ሰው ነው። እንቅልፍ ማጣትና ምግብ መዝጋት የጫት ልማድ ሊሆን ይችላል። አልማዝ ባለጭራም ቫይረሱ በሌለባቸው ሰዎች ላይ ይወጣል። በሌላ በኩል ቫይረሱ ገና ሲገባ፣ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ጉንፋን የሚመስል ሕመም፣ የጉሮሮ ቁስለትና ሽፍታ ሊያመጣ ቢችልም፣ አንዳንዱ ሰው ምንም ሳይሰማው ያልፋል፤ ከዚያም ለዓመታት ጤነኛ መስሎ ይኖራል። ምልክት የታየበት ነፃ ሊሆን ይችላል፤ ምልክት ያልታየበትም ላይሆን ይችላል።

ታዲያ ሰው ለምን አይመረመርም ነበር? አንዱ ምክንያት ከውጤቱ በኋላ የሚሰጠው ነገር አለመኖሩ ነው። መድኃኒት በሌለበት ዘመን ማወቅ ሞትን አስቀድሞ መስማት ይመስል ነበር፤ ሐሜቱና መገለሉም ተጨምሮበታል። ይህ ግድግዳ መሰንጠቅ የጀመረው በ1990ዎቹ መገባደጃ እንደ መቅድምና ተስፋ ጎህ ባሉ ማኅበራት የተሰባሰቡ ወገኖች በአደባባይ ሲናገሩ ነው። በጥር 2005 በኢትዮጵያ የዕድሜ ማራዘሚያ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ጀመረ። በ2007 አቡነ ጳውሎስ ሕሙማን ጸበሉንና መድኃኒቱን ጎን ለጎን እንዲወስዱ በይፋ ሲመክሩ፣ የብዙ ምእመናን ኅሊና ዕረፍት አገኘ። ከዚያ በኋላ ምርመራ ፍርድ መስማት መሆኑ ቀርቶ የሕክምና በር ሆነ።

ሁለተኛው ምክንያት ቦታና ሰዓት ነበር። ሾፌር የጤና ጣቢያ የሥራ ሰዓት አይደርሰውም፤ ወረቀት የሌላት ሴትም የመንግሥት ሕንፃ ደጃፍ ትፈራለች። ሴቭ ዘ ችልድረን ዩ.ኤስ.ኤ. ከ2001 ጀምሮ በኢትዮጵያ በኩል በመንገዱ ዳር ባሉ ከተሞች የመከላከል ሥራ ጀመረ። በ2005 የተመሠረተው «ሮድስ» የተባለ ክፍለ አህጉራዊ ፕሮጀክት ደግሞ በፔካ ዱዝ «ሴፍ ቲ ስቶፕ» የሚባል የሾፌሮችና የነዋሪዎች መገናኛ ማዕከል አቋቋመ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ ለአደጋ የሚያጋልጠው የጥበቃ ጊዜ ከሆነ፣ አገልግሎቱም ወደዚያው ጊዜና ቦታ ይምጣ። ደም ከጣት ተወስዶ ውጤቱ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚታወቅበት ፈጣን ምርመራም ይህን አቀለለው። ሾፌሩ ውጤቱን ለመስማት ሌላ ጉዞ መጠበቅ አላስፈለገውም።

በሐምሌ 2018 ጅቡቲ ዓለም አቀፍ ነፃ የንግድ ቀጠናዋን መርቃ ከፈተች፤ በዚያው ዓመት መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ባቡሩ መደበኛ የንግድ አገልግሎት ጀምሮ ነበር። ጭነቱ ግን ዛሬም በአብዛኛው በከባድ መኪና ይጓዛል፤ ጥርጣሬውም አብሮት ይጓዛል። ልዩነቱ ለጥርጣሬው መልስ መኖሩ ነው። አጋጣሚው በተፈጠረ በ72 ሰዓት ውስጥ ወደ ሐኪም የደረሰ ሰው ለ28 ቀናት የሚወሰድ የመከላከያ መድኃኒት ሊጀምር ይችላል፤ በቶሎ በጀመረ መጠንም ይሻላል። ያ ጊዜ ያለፈበት ደግሞ መመርመር ይችላል፤ ነገር ግን በማግስቱ የተደረገ ምርመራ ስለዚያች ሌሊት የሚናገረው የለም፤ በፈጣኑ ምርመራ አስተማማኝ መልስ የሚገኘው ከሦስት ወር በኋላ ነው። እስከዚያው ኮንዶም መጠቀም የትዳር ጓደኛን ይጠብቃል። ቫይረሱ የተገኘበትም መድኃኒቱን በሥርዓት ወስዶ የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ከወረደለት በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም፤ ልጅ ወልዶ ማሳደግም ይችላል።

የዚህን መንገድ ሟቾች የቆጠረ መዝገብ የለም። ብዙዎቹን ከበሽታው እኩል የገደላቸው መልሱን የመስማት ፍርሃት ነበር። ከእነርሱ ለተረፈው ትውልድ የቀረው ትምህርት አጭር ነው፦ ትኩሳት ብዙ ይናገራል፤ እውነቱን የሚናገረው ግን ደም ብቻ ነው።