ከኦንታርዮ ሐይቅ በስተደቡብ፦ የድቡልቡል ድንጋይ ቤቶች አሠራር

በኒውዮርክ ግዛት ምዕራብ፣ ከኦንታርዮ ሐይቅ በስተደቡብ፣ በአንድ እጅ በሚያዝ ድቡልቡል ድንጋይ የተገነቡ ብዙ መቶ ቤቶች ዛሬም ቆመዋል። አብዛኞቹ የተሠሩት ከ1825 እስከ 1860 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ነው። በሰሜን አሜሪካ ካሉት መሰል ሕንፃዎች እጅግ የሚበዙት ከሮችስተር ከተማ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ዙሪያ ውስጥ ናቸው። ድንጋዩ እኛ መንገድ የምናነጥፍበት ጥርብ ድንጋይ ሳይሆን መሮ ያልነካው ነው። የጥንቱ የበረዶ ግግር ከሰሜን እያንከባለለ አምጥቶ በማሳው ላይ የበተነውን፣ የሐይቁም ሞገድ ያለሰለሰውን ገበሬዎቹ ለቅመው ሠሩበት።

ግድግዳውን ቀርቦ ያየ ሰው ሁለት ሥራ ያገኛል። ውፍረቱ ግማሽ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ውስጡ መልክ በሌለው ድንጋይና በኖራ ማልታ የተሞላ ነው፤ ድቡልቡሉ ድንጋይ የሚታየው በፊት ለፊቱ ብቻ ነው። ረዘም ያለው ድንጋይ ጠባብ ጫፉ ወደ ውጭ፣ ቀሪው አካሉ ወደ ውስጥ ተደርጎ ይቀመጣል፤ ፊቱን ከሆዱ ጋር የሚያያይዘው ይኸው ነው። ማዕዘኑ ላይ ድቡልቡል ድንጋይ ስለማይዝ፣ የተጠረበ የኖራ ወይም የአሸዋ ድንጋይ ይደረደርበታል። ግንበኛው ረድፉን የሚያስተካክለውም በዚሁ የማዕዘን ድንጋይ ቁመት ነው። የኖራ ማልታ ቶሎ ስለማይጠነክር በቀን ከጥቂት ረድፍ በላይ መደርደር አይቻልም ነበር፤ የቸኮለ ግንበኛ ግድግዳው ከራሱ ክብደት የተነሳ ይጎብጥበታል።

የግንበኛው እጅ ጎልቶ የሚታየው ግን በስቲላቱራው ላይ ነው። በረድፎቹ መካከል ያለውን ማልታ በማንካ እየቀረጹ ሹል ሸንተረር ያወጡለታል፤ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ያለውንም እንዲሁ። ያለ ቀንና ያለ ፊርማ የቀሩትን ቤቶች ዕድሜ ለመገመት ከዚህ የተሻለ ምስክር ያለ አይመስለኝም። በ1820ዎቹና በ1830ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት ከማሳ የተለቀመ፣ መጠኑም ቀለሙም የተደባለቀ ድንጋይ አላቸው፤ ረድፋቸውም ይዋዥቃል። ከ1835 በኋላ ረድፉ ቀጥ፣ ሸንተረሩ ስል እያለ ይሄዳል። በመጨረሻው ዘመን ደግሞ ከሐይቁ ዳር በጋሪ የመጣ፣ አነስ ያለ፣ አንድ ዓይነት ቀለም ያለው ድንጋይ በብዛት ይታያል። ድንጋዩን በየመጠኑ የሚለዩት ቀዳዳ ባለው ሳንቃ እያሳለፉ ነበር፤ ለቀማው የቤተሰብና የጎረቤት ደቦ ነበር። ምርጡ ወደ መንገድ ለሚያየው የፊት ግድግዳ ይቀመጣል፤ ከጎንና ከኋላ ያለው ግን ሸካራውን ይዞ ይቀራል።

ስለነዚህ ግንበኞች ሁለት ወሬ ይነገራል። አንደኛው፣ አካባቢውን አቋርጦ የሚያልፈው የኢሪ የጀልባ መተላለፊያ ቦይ በ1825 ሲያልቅ ሥራ የፈቱ የቦዩ ግንበኞች ጥበቡን ጀመሩት የሚል ነው። ለጅማሬው ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም የበዙትና ያማሩት ቤቶች የተሠሩት ቦዩ ካለቀ አሥርና ሃያ ዓመት በኋላ ስለሆነ፣ እዚያው አካባቢ እጁን ያሠለጠነ ቀጣይ ትውልድ መኖሩን መቀበል ግድ ይላል። ሁለተኛው፣ ግንበኞቹ ሰው ሲመጣባቸው ሥራ አቁመው ምስጢሩን ይደብቁ ነበር የሚለው ነው። በ1830ዎቹ መጨረሻና በ1840ዎቹ የወጡ የገበሬ መጽሔቶች ግን ስለ አሠራሩና ስለ ማልታው ድብልቅ የሚያስረዱ ደብዳቤዎችን አትመዋል። አንባቢ ሁሉ የሚያገኘው ነገር ምስጢር ሊባል አይችልም፤ የሚከብደው ዘዴውን ማወቅ ሳይሆን እጅን ማልመድ ነበር።

ከ1860 በኋላ ሥራው ቆመ ማለት ይቻላል። ጡብና የተሰነጠቀ እንጨት ረከሰ፤ ለቀማውና ድርደራው የሚፈጀው ጉልበት ግን ተወደደ። የሮችስተሩ አርክቴክት ካርል ሽሚት ቤቶቹን እየዞረ ለክቶና ሥሎ በ1944 እና በ1966 መጻሕፍት ባያወጣ ኖሮ፣ ከዝርዝሩ ብዙው በጠፋ ነበር። ቻይልድስ በምትባለው መንደር በ1834 የተሠራው የድቡልቡል ድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ለነዚህ ሕንፃዎች በ1960 የተመሠረተው ሙዚየም አካል ነው።

አሁን ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ከጥገና ነው። የተቦረቦረውን የኖራ ስቲላቱራ በፖርትላንድ ሲሚንቶ የሚሞሉ አሉ። ሲሚንቶው ከኖራው ይልቅ ስለሚጠነክር እርጥበቱን ያፍናል፤ ውሃው በቅዝቃዜው ወራት ወደ በረዶ ሲለወጥ ያብጥና ድንጋዩን ከማልታው ያላቅቀዋል። ስለዚህ ጠጋኙ የድሮውን ማልታ መርምሮ፣ ኖራና አሸዋውን በዚያው ልክ አዋህዶ፣ ሸንተረሩንም በድሮው ቅርጽ ማውጣት አለበት።