ረዳት ተዋናይትና የታሪካችን ክፍተት፦ ከአስናቀች ወርቁ እስከ ሰብለ ተፈራ



ዛሬ በአሶሳ የማነሣው ጉዳይ በኪነ ጥበብ ታሪካችን ዘወትር በግርጌ የሚቀመጥ ነው፤ እርሱም የረዳት ተዋናይት ሥራ ነው። የታሪክ ጽሑፎቻችን ደራሲውን፣ አዘጋጁንና መሪ ተዋናዩን ይመዘግባሉ። ቡና አቅርባ፣ ነገር አዋዝታ የምትወጣው ሴት ግን በአንድ መስመር ትታለፋለች። ተመልካች ድራማን ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው በእርሷ በኩል ስለሆነ፣ እርሷን የዘለለ ታሪክ ተመልካቹንም ይዘላል ብዬ እከራከራለሁ።

ነገሩን ከመነሻው እንመልከት። በዘመናዊ ቲያትራችን ጅማሬ የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ይህን ልማድ በመስበር በቀዳሚነት የምትጠራው፣ በ2004 ዓ.ም. ያረፈችው የክራር ባለሙያ አስናቀች ወርቁ ናት። መድረክ ላይ መቆም ለሴት ልጅ እንደ ነውር በሚቆጠርበት ዘመን የከፈተችው በር ለኋለኞቹ ሁሉ መግቢያ ሆነ። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭቱን ሲጀምርም ሴት ተዋንያን በመድረኩ ላይ ቦታ ይዘው ነበር።

ከኋለኞቹ አንዷ ሰብለ ተፈራ ናት። ሕዝቡ ከመዝገብ ስሟ ይልቅ በተጫወተችው ገጸ ባሕርይ ስም «እማማ ጨቤ» እያለ ይጠራት ነበር፤ ወጣቷን ሴት በአሮጊት ስም። «ቤቶች» በተሰኘው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ደግሞ የቤት ሠራተኛዋን ትርፌን ሆና ተጫወተች። የቤት ሠራተኛ በከተማ ቤተሰብ ውስጥ ሁሉን ትሰማለች፤ ሐሳቧን የሚጠይቃት ግን ጥቂት ነው። ሳሎን ተቀምጦ በትርፌ የሚስቅ ቤተሰብ፣ በራሱ ማድ ቤት ያለችውንም ሴት ለአፍታ ይመለከት ነበር። ሰብለ በመስከረም 1 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ በዕለተ ዘመን መለወጫ፣ በመኪና አደጋ ሕይወቷ ሲያልፍ ሐዘኑ የመሪ ተዋናይት ሐዘን ያህል ነበር።

ለታሪክ ተመራማሪ ቅጽል ስም ተራ ነገር አይደለም። ማንም ሳያዝዘው ሕዝብ ራሱ የጻፈው ሰነድ ነው።

ይህ ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ የተለየ ጥያቄ ያስነሣል። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው፤ በየቤቱ ግን በርታኛ፣ ጉሙዝኛ፣ ሺናሽኛ፣ ማኦኛና ኮሞኛ ይነገራል። በአማርኛ የታየ ድራማ በማግስቱ በእናት ቋንቋ ሲተረክ ከገጸ ባሕርያቱ ማን ይቀራል? ማንስ አዲስ ስም ያገኛል? መልሱ በቤተ መዛግብት አይገኝም፤ ያለው በእናቶቻችሁና በአክስቶቻችሁ ትዝታ ውስጥ ነው።

ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች፣ የድምፅ መቅጃችሁን ይዛችሁ በመጀመሪያ ወደ እነርሱ ሂዱ። ትዝታ ከባለቤቱ ጋር ያልፋልና ሥራው ቀጠሮ የሚሰጠው አይደለም።